ይፋ እስኪደረግ ድረስ

«የመሥሪያ ቤታችን የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ ከጥበቃ ክፍል ወደ መዝገብ ቤት የተዛወረ መሆኑን ለመላው ሠራተኞችና ለክቡራን ባለጉዳዮች በታላቅ አክብሮት ይፋ እናደርጋለን።»

ይህ ማስታወቂያ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ተለጠፈ። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ክብ ማኅተም አለው፣ የኃላፊያችን የአቶ የሺዋስ ፊርማም አለው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቁልፉ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ምስማር ላይ ከተንጠለጠለ ሳምንት አልፎት ነበር፤ የቸኮለ ሁሉ እየመጣ ይወስደዋል። ማስታወቂያው ሲወጣ ግን ሰው ሁሉ ቆሞ አነበበው። ጥበቃችን ጁምዓ ማንበብ ስለማይችል እኔን አስነበበኝ።

«ቁልፍ ትናንት አንተ ጋ ነበር» አለኝ።

«ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም እኔ ጋ ነው። ግን አሁን ይፋ ሆነ።»

ጁምዓ ትንሽ አሰበና «ወላሂ፣ መንግሥት ሥራ አለው» አለ።

ስሜ ሰጠኝ ነው። ወላጆቼ በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ከወሎ ወደ አሶሳ ሲመጡ ጎረምሳ ሆኜ ነው የመጣሁት። ስምንተኛ ክፍል አቋርጫለሁ፤ የቀረውን ያስተማሩኝ ደብዳቤዎች ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጬ የመጣውንም የሄደውንም አንብቤአለሁ፤ ይፋ የሚለውን ቃል የእኔን ያህል የጻፈ ሰው በዚህ ከተማ ያለ አይመስለኝም። ዕቅድ ይፋ ይሆናል። የሥልጠና መክፈቻ ይፋ ይሆናል፤ መዝጊያውም እንደዚሁ። የማስታወቂያ ሰሌዳችን ቀለም የተቀባ ዕለት መቀባቱ እዚያው ሰሌዳው ላይ ይፋ ሆኗል።

በመጨረሻ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ አንድ ነገር ይፋ የሚደረገው ሰው እንዲያውቀው አለመሆኑ ነው። ሰውማ ቀድሞ ያውቀዋል። ይፋ የሚደረገው፣ ያወቀ ሰው «ማን ነገረህ?» እንዳይባል ነው። ማኅተም ያለበት ወረቀት ያንን ጥያቄ ያስቀራል። ማኅተም ከሌለው ነገሩ ይፋ አልተደረገም፤ ይፋ ወጣ ነው የሚባለው። ያን ጊዜ አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው የሚያጣራው ግን ነገሩን አይደለም፤ ያወጣውን ሰው ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ዋቅሹማ ለመናገር ነው።

ዋቅሹማ ሹፌራችን ነበር። ነበር ማለት አልተፈቀደም፤ ሹፌራችን ነው። አምና ሚያዝያ ላይ አሥራ ስድስት ካርቶን የዕቅድ ቅጽ ጭኖ ወደ ካማሺ ወጣ። የጉዞ ማዘዣው ላይ «የመንገዱ ጸጥታ አስተማማኝ በመሆኑ» የሚል ሐረግ አለ። ሐረጉን ከሌላ ማዘዣ ላይ የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ ሁሌም የምንጽፈው እሱኑ ነው። ዋቅሹማ አነበበና ሳቀ። «ጋሽ ሰጠኝ፣ አንተ ካልክ ደህና ነው» ብሎኝ ሞተሩን አስነሣ።

በአራተኛው ቀን ከዚያ በኩል የመጣ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ለጁምዓ ነገረው። መኪናው መንገድ ላይ ተቃጥሏል። ሹፌሩን የአካባቢው ገበሬዎች ማንጎ ሥር ቀብረውታል። ነጋዴው የቀበሩትን ሰዎች አነጋግሯል፤ ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት እንዳልነበረው ነግረውታል። የዋቅሹማ ሁለት ጣቶች የተቆረጡት የዛሬ ስድስት ዓመት እኛው ግቢ ውስጥ ጎማ ሲቀይር ነው። ጁምዓ ለእኔ ነገረኝ። እኔ ለማንም አልነገርኩም። እስከ ምሳ ሰዓት ግን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

አቶ የሺዋስ ከሰዓት በኋላ ሰበሰቡን። ክፉ ሰው አይደሉም።

«የደረሰን መረጃ አለ» አሉ። «መረጃው የደረሰን መሆኑ ግን ይፋ አይደለም። ለበላይ አካል ጽፈናል። መልስ መጥቶ ይፋ እስኪደረግ ድረስ ማንም ለቤተሰቡ አንድ ቃል እንዳይተነፍስ።»

የሰው ኃይል ባለሙያዋ የዝና እጇን አወጣች። «ታዲያ የሠራተኛ መቆጣጠሪያው ላይ ምን ብዬ ልመዝግበው?»

አቶ የሺዋስ ጣሪያውን አዩ። ጣሪያው ላይ ምንም የለም።

«መስክ ላይ በዪው» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዋቅሹማ መስክ ላይ ነው።

ከበላይ አካል መልስ የመጣው በስድስተኛው ሳምንት ነው፤ «ጉዳዩ በመጣራት ላይ መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። ሁለተኛ ጊዜ ጻፍን። የመጀመሪያውን መልስ እንድንመለከት መለሱልን። ሦስተኛ ጊዜ አልጻፍንም።

ሚስቱ ብሪቱ የጊምቢ ልጅ ናት፤ ገበያ ውስጥ ኦቾሎኒና ሳሙና ትሸጣለች። በየማክሰኞው ትመጣለች። ጁምዓ ከሩቅ ሲያያት ወደ መስኮቴ ይመጣና «ብሪቱ መጣ» ይለኛል፤ የቤርታ ሰው ነው፣ በአማርኛው ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ነው የሚጠራው። እኔም ፊቴን አስተካክላለሁ።

«ደህና አደሩ፣ ጋሼ ሰጠኝ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ብሪቱ። አንቺስ?»

«ደወለ?»

«ካማሺ እኮ ኔትወርክ የለም።»

«አሥራ አንድ ወር ሙሉ?»

«እየተሠራ ነው።»

ትክ ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ በአፍዎ መዋሸት አይችሉበትም። ሲጽፉ ነው የሚያምርብዎት።»

አልተቆጣሁም። እውነቷን ነው።

«አለ በሉኝ» አለች። «ወይም የለም በሉኝ። አንዱን በወረቀት ስጡኝ። የለም ብትሉኝ እዚህ አልጮህባችሁም፤ ቤቴ ሄጄ ነው የምጮኸው።»

«እየተጣራ ነው፣ ብሪቱ።»

«ማር እንኳ ይህን ያህል አይጣራም» አለችና ዘንቢሏን አንሥታ ሄደች። ለጁምዓ እንደ ወትሮው አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ ሰጠችው። ጁምዓ ኦቾሎኒውን ይዞ ቆየ፤ አልበላውም።

ሰፈሩም ያውቃል። ሴቶቹ ቡና ላይ ስለ ካማሺ ማውራት ትተዋል። አንዷ የእህቷ ልጅ ሞቶባት ሐዘን ላይ ናት፤ ብሪቱ ቤት ስትደርስ ጥቁር ነጠላዋን አውልቃ ከቦርሳዋ ውስጥ እንደምትከት ሰምቻለሁ፤ ጥቁር አይታ እንዳትደነግጥ። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ኢተፋ አንድ ቀን ቢሮ ድረስ መጡ። ፋይል ይዤ ገብቼ ስለነበር የተባባሉትን ሁሉ ሰምቻለሁ።

«አቶ የሺዋስ፣ መርዶውን እንንገራት» አሉ ኢተፋ። «የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎችም ተስማምተዋል።»

«ንገሯት፤ ማን ከለከላችሁ?»

«እንግዲያው ወረቀት ስጡን።»

«ወረቀት ቢኖረን እኛው እንነግራት ነበር።»

«ያለ ወረቀት ነግረናት ሰውየው ነገ ብቅ ቢልስ? በቁሜ ድንኳን ተከላችሁብኝ ቢል ምን እንመልሳለን?»

«ብቅ ይላል ብለው ያስባሉ?»

አቶ ኢተፋ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «አላስብም። ማንጎው ሥር እንዳለ አውቃለሁ። እርስዎስ?»

«እኔም አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ማወቅ ሌላ፣ ይፋ ማድረግ ሌላ፣ አቶ ኢተፋ።»

«ለእሷም ሌላ ነው?»

አቶ የሺዋስ ሻይ አዘዙላቸው። አቶ ኢተፋ ሻዩን ጠጡ፣ አመሰገኑ፣ ወጡ። በሚቀጥለው እሑድ እድሩ ተሰብስቦ «መሥሪያ ቤቱ ይፋ እስኪያደርግ ድረስ መርዶው እንዲቆይ» ብሎ በቃለ ጉባኤ ወሰነ፤ ግልባጩንም ለእኛ ላከ። ሰውየውን የቀበሩት ገበሬዎች ማኅተም የላቸውም። ለመሞቱ ግን አሁን ሁለት ማኅተም ያስፈልገው ነበር።

ዘንድሮ ሰኔ አጋማሽ ላይ ብሪቱ መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ምንም አልጠየቀችም። እኔ ነኝ የጨነቀኝ።

«ኔትወርኩ ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ይተዉት፣ ጋሼ። ዛሬ ለመሰናበት ነው የመጣሁት። ወንድሜ ከጊምቢ ሊወስደኝ ይመጣል። እናንተ ባትነግሩኝ እኔው ለራሴ ልነግረው ነው። ልቤ ከነገረኝ ቆይቷል፤ እኔ ነኝ ዝም በል፣ መሥሪያ ቤቱ አላለም እያልኩ ያቆየሁት። ልብሱን ለሰው ሰጥቻለሁ። ኮቱን ብቻ አስቀርቼ ነበር፤ ትናንት እሱንም ለጎረቤቴ ባል ሰጠሁት።»

በዚያች ሰዓት «አዎ» ብላት ይበቃ ነበር። ወረቀት የለው፣ ቁጥር የለው፤ አንዲት ቃል ናት። አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ከዚያ «ማን ነገረሽ?» ሲባል ታየኝ፤ «ጋሼ ሰጠኝ» ስትል ታየኝ። ሦስት ዓመት ቀርቶኛል ለጡረታ።

«በርቺ» አልኳት።

እጄን ጨበጠችኝና ሄደች። ነገሩ በዚህ አልቆ ቢሆን ኖሮ፣ መጥፎ ቢሆንም አልቆ ነበር።

በሰኔ መጨረሻ የዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ውጤት ተደመረ። የዝና ወረቀቱን ይዛ መዝገብ ቤት ገባችና በሩን ዘጋችው። ፊቷ የታመመ ሰው ፊት መስሏል።

«አንደኛ ማን እንደወጣ ገምት።»

«አንቺ ነሽ?»

«ዋቅሹማ።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁ። መዘግየት፦ የለም። የቀረበበት ቅሬታ፦ የለም። የነዳጅ ብክነት፦ የለም። ከባልደረቦች ጋር ያለው ግንኙነት፦ ሰላማዊ። ድምር ዘጠና ሰባት ነጥብ አምስት።

«ሁለት ነጥብ አምስቱ የት ሄደ?» አልኳት።

«ራሱን የገመገመበት ቅጽ ላይ አልፈረመም።»

ተያይዘን ወደ አቶ የሺዋስ ገባን።

«ቀንሺለታ!» አሉ።

«በምን ምክንያት?»

«በሥራ ገበታ ላይ አለመገኘት።»

«መስክ ላይ ነው ብለን አሥራ አራት ወርኃዊ ሪፖርት ልከናል። የፈረሙት እርስዎ ነዎት።»

«ሁለተኛ አድርጊው።»

«ሁለተኛም ይሸለማል።»

«አራተኛ!»

«ከአንደኛ ወደ አራተኛ ለማውረድ ምክንያት መጻፍ አለብኝ። ምክንያቱን ከጻፍኩት ደግሞ» አለች የዝና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «በእኔ እጅ ይፋ ወጣ ማለት ነው።»

አቶ የሺዋስ ብዕራቸውን አነሡ። ከዚያ «ላይ ያሉት ያስተካክሉታል» ብለው ፈረሙ። መቼም በዚህ አገር ላይ ያሉት እንደሚያስተካክሉት እርግጠኛ የሆነ ሰው በየፎቁ አለ።

ለሞቱ ስድስት ሳምንት የፈጀባቸው ሰዎች ለሽልማቱ በአራት ቀን መለሱ። ውጤቱን አጽድቀዋል። አልፎም «በአስቸጋሪ ሁኔታ ውስጥ ለረጅም ጊዜ መስክ ላይ በመቆየት ላሳየው ጽናት» ልዩ የምስክር ወረቀት እንዲጨመርለት አዘዋል። ተሸላሚው በሥራ ምክንያት መገኘት ስለማይችል ቤተሰቡ ይቀበልለት ይላል። የጥሪ ደብዳቤውን ጻፍኩ። ስጽፍ አንድም ፊደል አልሳትኩም። ጁምዓ ወስዶ ሰጣት።

በማግስቱ ማለዳ፣ ማክሰኞ ሳይሆን፣ ብሪቱ እየሮጠች መጣች። ደብዳቤውን እንዳይታጠፍ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ጋሼ ሰጠኝ! ይህ ማኅተም የእናንተ ነው?»

«የእኛ ነው።»

«ፊርማውስ? የአቶ የሺዋስ ነው?»

«የእሳቸው ነው።»

«መስክ ላይ ይላል። ላሳየው ጽናት ይላል።» ጣቷን በመስመሩ ሥር አስኬደችው። «የሌለ ሰው ይሸለማል እንዴ? አይሸለምም። ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! እኔ እኮ ገድዬው ነበር፣ ጋሼ! በገዛ ልቤ ገድዬው ነበር!»

እጄ ላይ ያለውን ብዕር ከደንኩት። ከዚያ ከፈትኩት።

«ወንድሜን ከመንገድ መልሼዋለሁ» አለች። «አሁን ኮቱን ላስመልስ ነው የምሄደው። አሳፋሪ ነው፤ ግን ሲመጣ ምን ይለብሳል?»

«የፊታችን ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ነው» አልኳት። «አዳራሹ ውስጥ።»

አመሰገነችኝ። እኔን። ስትወጣ ጁምዓ በሩን ከፈተላትና ተመልሶ መስኮቴ ላይ ቆመ።

«ሀራም ነው» አለኝ።

«ምኑ?»

«ሁሉም።»

ኮቱን አስመልሳለች። የጎረቤቷ ባል ከላዩ ላይ አውልቆ ሰጣት፤ ሚስቱ ግን ጓዳ ገብታ በነጠላዋ አፏን ይዛ አለቀሰች አሉ። ለብሪቱ ግን ማንም አልነገራትም። ነገሩን ያረጋገጠው ማኅተም ነው፤ ከማኅተም ጋር ማን ይከራከራል?

ሐሙስ ዕለት አዳራሹ ሞላ። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በሙሉ አለ፤ እድሩንም ብሪቱ ራሷ ስለጠራችው ሠላሳ የሚሆኑ የሰፈሯ ሰዎች ከኋላ ተደርድረዋል፤ አቶ ኢተፋ መካከላቸው አሉ። ብሪቱ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯን ተሠርታለች። ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ጥለቱ ታች የሚወርድ ነጭ ነጠላ ደርባለች። ከአጠገቧ ያለችው ጎረቤቷ «አማረብሽ» አለቻት፤ ብላት ደግሞ ወዲያው ወለሉን አየች።

አቶ የሺዋስ ንግግር አደረጉ። አጭር ነበር፤ ውሃ ሦስት ጊዜ ጠጡበት። የዝና ድምፅ ማጉያውን ተቀበለች። ሦስተኛ የወጣውን ጠራች፤ ተጨበጨበ። ሁለተኛ የወጣችውን ጠራች፤ ተጨበጨበ፤ አንዱም አፏጨ።

«አንደኛ» አለች የዝና። ወረቀቱን አየችው። ስሙን የማታውቀው ይመስል አየችው። «በዓመቱ ውስጥ ባሳየው የላቀ አፈጻጸም አንደኛ የወጣው፣ በአሁኑ ሰዓት ... በአሁኑ ሰዓት መስክ ላይ የሚገኘው አቶ ዋቅሹማ። ሽልማቱን ባለቤቱ ወይዘሮ ብሪቱ ይቀበሉለታል።»

ብሪቱ ተነሣች። ፈገግ እንዳለች ወደ መድረኩ መራመድ ጀመረች።

አሁን ጭብጨባው መምጣት ነበረበት። አልመጣም። ለማጨብጨብ እጄን ከጉልበቴ አነሣሁት፤ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ግራና ቀኜን ሳይ የሁሉም እጅ እንደኔው ነው። ከብሪቱ ጫማ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ከኋላ አንድ ወንበር ተንቋቋ። ጁምዓ ነው። ተነሥቶ ቆመ፤ የጥበቃ ቆቡን አወለቀ። አቶ ኢተፋ ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ያዙ። የእድሩ ሰዎች ተነሡ። ከዚያ ከእነሱ ፊት ያለው ረድፍ፤ ከዚያ የእኛ ረድፍ። ማንም ተነሡ አላለም። ስነሣ አልታወቀኝም፤ ቆሜ አንገቴን ደፍቼ ራሴን አገኘሁት። በእኛ ስብሰባ ሰው ሁሉ ቆብ አውልቆ አንገቱን ደፍቶ በዝምታ የሚቆመው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

የዝና ድምፅ ማጉያውን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አቶ የሺዋስ መድረኩ ላይ ናቸው፤ በመስታወት ክፈፍ ውስጥ ያለውን የምስክር ወረቀት በሁለት እጃቸው እንደያዙ ነው። ሕዝቡን አዩ። ከዚያ እሳቸውም አንገታቸውን ደፉ።

ብሪቱ መሀል መንገድ ላይ ቆመች። ፈገግታዋ ገና ከፊቷ አልወረደም። ዞረች። ከፊት ረድፍ ጀምራ አንድ በአንድ አየችን፤ ጎረቤቷን፣ የጎረቤቷን ባል፣ አቶ ኢተፋን፣ ጁምዓን። እኔ ላይ ስትደርስ ቆየች።

አልጮኸችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ዘርግታ ገለበጠችው፤ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ መልሳ ለበሰችው።